ሽኮኮ ከማን ወገን ነው?
የእንስሳት አከፋፈል ታሪክ በአንድ የአገራችን እንስሳ ሲታይ

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ በትውልድ አገሬ በሬኮ አያቴ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው። ሬኮ በጌዴኦ ዞን የሚገኝ፥ እንሰትና ቡና በአንድ ጓሮ የሚበቅሉበት አገር ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን ጨርሼ ኮሌጅ ከመግባቴ በፊት በነበረው ክረምት፥ አንድ ቀን ዝናቡ ካባራ በኋላ ከአያቴ ጋር በገደል አፋፍ ስናልፍ፥ ሽኮኮዎች ከዓለት ላይ ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ አየን። አያቴም በጌዴኦኛ፥ «ይህ እንስሳ ከማን ወገን ነው ብለው አስተማሩህ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እኔም የሰውነቱን ማነስ፥ ጠጕሩንና የፊት ጥርሶቹን አይቼ፥ ያለ ማወላወል «ከአይጥና ከጥንቸል ወገን ነው» ብዬ መለስሁ። አያቴ ግን ራሳቸውን ነቅንቀው፥ «ሰው በልብሱ አይቈጠርም፤ የማን ልጅ ነህ ተብሎ ይጠየቃል እንጂ። አንተ የነገርኸኝ ልብሱን ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ ነገሩን እንደ ሽማግሌ ጨዋታ ቈጥሬ አለፍሁት። ኮሌጅ ገብቼ በመጻሕፍት ቤት ስመረምር ግን የአያቴ ጥርጣሬ ትክክል፥ የእኔ መልስ ስሕተት ሆኖ አገኘሁት። የሚያጽናናኝ ነገር ቢኖር ይህንኑ ስሕተት ከእኔ በፊት ታላላቅ ሊቃውንት መሳሳታቸው ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምፈልገው ይህን ነው፤ የእንስሳት አከፋፈል ታሪክ ከልብስ ወደ ትውልድ የተደረገ ጕዞ ነው። ይኸውም ሰው በመጀመሪያ እንስሳትን በሚኖሩበት ቦታና በሚታየው መልካቸው ይለይ ነበር፤ ቀጥሎ በሰውነታቸው አሠራር፥ ከዚያም በፅንሳቸው አስተዳደግና በአወላለዳቸው መለየት ተማረ። ለዚህም ከሽኮኮ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩. የጥንቱ ሚዛን

በአገራችን በብዙ ዘመን የታወቀው አከፋፈል ከቅዱሳት መጻሕፍት የመጣው ነው። እርሱም ሁለት ሚዛን አለው። አንደኛው ማደሪያ ነው፤ በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈው የሰማይ ወፎች፥ የባሕር ዓሦች፥ የምድር እንስሳትና አራዊት ይባላል። ሁለተኛው የመብል ሕግ ነው፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 የሚበላው ከማይበላው የሚለየው በሰኮና መሰንጠቅና በማመስኳት ነው። በዚሁ ምዕራፍ የሌሊት ወፍ ከወፎች ጋር ተቈጥራለች። ሽኮኮም የሚያመሰኳ፥ ነገር ግን ሰኮናው ያልተሰነጠቀ ተብሎ ከማይበሉት ጋር ተመድቧል።

ዛሬ የሥነ ሕይወት ትምህርት የቀመሰ ተማሪ ይህን ሲያነብ ለመሳቅ ይቸኵላል፤ መቸኰሉ ግን አግባብ አይደለም። ሕጉ የተሰጠበት ጥያቄ «ምን እንብላ፥ ምንስ እንተው?» የሚል እንጂ «ማን ከማን ተወለደ?» የሚል አልነበረም። እንደዚሁም በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ ስለ እንስሳት ጠባይ ሲናገር፥ ዓላማው ሰውን በምሳሌ ማስተማር ነው። እያንዳንዱ አከፋፈል ሊመዘን የሚገባው በተጠየቀው ጥያቄ ነው።

ስለ ሽኮኮ ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በ1611 የታተመው የእንግሊዞች መጽሐፍ ቅዱስ ይህን እንስሳ ጥንቸል ብሎ ተርጕሞታል፤ ሽኮኮ በእንግሊዝ አገር የለምና ተርጓሚዎቹ የሚያውቁትን ስም ሰጡት። በ1962 የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ሽኮኮ ይለዋል። ተርጓሚዎቹ በገደላቸው ላይ የሚያዩት እንስሳ ስለ ሆነ ለመሳሳት ምክንያት አልነበራቸውም።

የዘመድነትን ጥያቄ በግልጽ ካነሡት ከቀደሙት አንዱ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ384 እስከ 322 የኖረው አርስጣጣሊስ ነው። እርሱ ዶልፊን የተባለውን የባሕር እንስሳ መርምሮ፥ በውሃ ቢኖርም በሳምባ እንደሚተነፍስ፥ ግልገሉን ሕያው አድርጎ እንደሚወልድና ጡት እንደሚያጠባ ጻፈ፤ ስለዚህም ከዓሣ ለየው። በዚህ አኳኋን አወላለድ ከማደሪያ ይልቅ የሚታመን ምስክር መሆኑን አሳየ። ምክሩ ግን በሚገባ ሳይሠራበት ሁለት ሺህ ዓመት ያህል አለፈ።

፪. ጄምስ ብሩስ በጎንደር

ሽኮኮ በአውሮፓ መጻሕፍት በአገራችን ስሙ የታወቀው በስኮትላንዳዊው መንገደኛ በጄምስ ብሩስ አማካይነት ነው። ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ እስከ 1771 መጨረሻ በአገሪቱ ቈየ፤ የጕዞውንም ታሪክ በ1790 በአምስት ቅጽ አሳተመ። በመጨረሻው ቅጽ ስለ ዕፀዋትና ስለ እንስሳት ሲጽፍ «አሽኮኮ» ብሎ ለሽኮኮ አንድ ምዕራፍ ሰጠው፤ ሥዕሉንም ጨመረ። እንስሳው በጎንደር ከእቴጌይቱ የቍስቋም ቤተ መንግሥት በስተጀርባ በደብረ ፀሐይ ዓለቶች ሥር እንደሚገኝ፥ በአማራ አሽኮኮ፥ በትግሬ ጊሔ እንደሚባል ገለጸ። ስሙም በጀርባው መካከል ከሚታዩት፥ እሾህ ከሚመስሉት ረዣዥም ጠጕሮች የመጣ መሆኑን ገመተ።

ብሩስ አንድ ሽኮኮ በቤቱ አኑሮ ይጠብቀው ነበር። ለዚህ የሰጠው ዋና ምክንያት እንስሳው ያመሰኳ እንደ ሆነ ለማወቅ ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀሰው እንስሳ ጥንቸል ሳይሆን ሽኮኮ መሆኑን ለማስረዳት ይፈልግ ነበርና። ጠብቆም ያመሰኳል ሲል ጻፈ።

እዚህ ላይ ከታሪክ ትልቅ ትምህርት እናገኛለን። ብሩስ በስሙ ጉዳይ ትክክል ነበር፤ በማመስኳቱ ጉዳይ ግን ዓይኑ ጥያቄውን ተከተለ። ሽኮኮ መንጋጋውን ወደ ጐን እያመላለሰ የሚያኝክ መስሎ ይታያል፤ ሆዱ ግን እንደ ላምና እንደ በግ አራት ክፍል ያለው የአመስኳች ሆድ አይደለም። ሰው የሚፈልገውን ነገር አስቀድሞ ከወሰነ፥ እንስሳውን በቤቱ አኑሮ እንኳ ሊሳሳት ይችላል። ይህ የሆነው ብሩስ ሰነፍ ስለ ነበረ አይደለም፤ ከውጭ የሚታየውን ብቻ ስላየ ነው እንጂ።

፫. ከቆዳ ወደ አጥንት

ብሩስ ወደ ጎንደር ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፥ በ1758፥ የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ የታወቀውን የእንስሳት መዝገብ አሥረኛ እትም አወጣ። በዚህ እትም «ባለ አራት እግሮች» የሚለውን የቀድሞ ስም ትቶ «አጥቢዎች» የሚለውን ተካ፤ ዓሣ ነባሪንም ከዓሦች አውጥቶ ከአጥቢዎች ጋር አገባ። እግር መቍጠር ቀርቶ ጡት ማጥባት ሚዛን ሆነ ማለት ነው። የሌሊት ወፍም ጡት አጥቢ በመሆኗ ከወፎች ተለየች።

ነገር ግን አንድን እንስሳ አጥቢ ነው ማለት ብቻ አይበቃም፤ ከአጥቢዎች መካከል የማን ዘመድ እንደ ሆነ መታወቅ አለበት። ፓላስ የተባለው የጀርመን ሊቅ በ1766 ከደቡብ አፍሪካ የመጣውን ሽኮኮ ሲጽፍ፥ ጊኒ ፒግ ከሚባለው ከደቡብ አሜሪካ ትንሽ እንስሳ ወገን ጋር ቈጠረው። ይህ በሬኮ ገደል ላይ ለአያቴ የሰጠሁት መልስ ነው ማለት ይቻላል። በ1780 ስቶር የተባለ ሌላ ሊቅ ከዚያ ወገን አውጥቶ ለብቻው ስም ሰጠው፤ ስሙ ግን ገና ከጊኒ ፒግ የራቀ አልነበረም።

ነገሩን የለወጠው የፈረንሳዩ ኩቪዬ ነው። ኩቪዬ የእንስሳትን አጽም እርስ በርሱ እያስተያየ የሚመረምር ሰው ነበር። በ1817 ባሳተመው መጽሐፍ እንስሳትን ሁሉ በሰውነታቸው አሠራር በአራት ታላላቅ ክፍሎች መደበ፤ እነርሱም የጀርባ አጥንት ያላቸው፥ ሰውነታቸው ለስላሳ የሆነ፥ ሰውነታቸው በቍርጥራጭ የተያያዘ፥ እንደ ኮከብ ዙሪያውን የተዘረጉ ናቸው። የሽኮኮንም አጽም መርምሮ ከአይጥ ወገን አወጣውና ከአውራሪስና ከዝሆን ጋር፥ ወፍራም ቆዳ ካላቸው እንስሳት መካከል አስቀመጠው።

አንባቢ ይህን ሲሰማ ይገረም ይሆናል፤ ማስረጃው ግን በእግሩና በአፉ ላይ ነው። ሽኮኮ በፊት እግሩ አራት፥ በኋላ እግሩ ሦስት ጣቶች አሉት። ጥፍሩ እንደ አይጥ የሾለ ሳይሆን ጠፍጣፋና ትንሽ ሰኮና የሚመስል ነው፤ በኋላ እግሩ አንዲት ጥፍር ብቻ ጠጕሩን ለማበጠር የሾለች ናት። የላይኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶቹም ሳያቋርጡ የሚያድጉ ናቸው። የዝሆን ጥርስ ብለን የምንጠራውም እንደዚሁ ዕድሜውን ሙሉ የሚያድግ የፊት ጥርስ ነው።

፬. ከአጥንት ወደ ማሕፀን

በ1828 ፎን ቤር የተባለ ሊቅ ስለ ፅንስ አስተዳደግ ሲጽፍ አንድ ገጠመኙን ተናገረ። በብልቃጥ ካስቀመጣቸው ፅንሶች በሁለቱ ላይ ስማቸውን ሳይጽፍ ስለ ረሳ፥ የእንሽላሊት ይሁኑ፥ የወፍ ወይም የአጥቢ እንስሳ መለየት አልቻለም። እንስሳት በፅንስነታቸው ተመሳስለው ይጀምራሉ፤ እያደጉ ሲሄዱ ይለያያሉ። ስለዚህ ማን መቼ እንደሚለይ መከታተል ዘርን እንደ መቍጠር ያህል ነው።

ይህ ዘዴ የሚሰጠውን ጥቅም ለመረዳት የእንቁራሪትን ነገር ማየት ይበቃል። ሊኔዎስ እንቁራሪትን ከእንሽላሊትና ከእባብ ጋር በአንድ መደብ አስቀምጧት ነበር። አስተዳደጋቸው ሲመረመር ግን እንቁራሪት በአብዛኛው ከእንቁላል ወጥታ በመጀመሪያ በውሃ ውስጥ በስንጥብ የምትተነፍስ፥ ባለ ጅራት ፍጥረት ሆና ትኖራለች፤ እግር የምታወጣው በኋላ ነው። እንሽላሊት ግን ከመጀመሪያው የእናቱን መልክ ይዞ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ላትሬይ የተባለው ፈረንሳዊ በ1825 ሁለቱን ለያያቸው። የእኛም አገር በዚህ ረገድ ድርሻ አላት፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ያስተማረው ማልኮም ላርገን በ1974 ከጻፋቸው የኢትዮጵያ እንቁራሪቶች አንዷ ሳይንሳዊ ስሟ «በእንሰት የምትኖር» ማለት ነው። የእንሰት አገር ልጅ እንደ መሆኔ ይህን ስም ባነበብሁ ጊዜ ደስ ብሎኛል።

ወደ ሽኮኮ ልመለስ። ሊቃውንት እንግዴ ልጁን በመረመሩ ጊዜ ፅንሱን እንደ መቀነት የሚዞር ሆኖ አገኙት። የዝሆንም እንግዴ ልጅ እንዲሁ ነው። ይሁን እንጂ የውሻና የድመትም መቀነት የሚመስል ስለ ሆነ ይህ ምስክር ብቻውን አልበቃም። አንድ ምልክት ብቻ ይዞ መፍረድ፥ በአንድ ምስክር እንደ መፍረድ ነው። እንግሊዛዊው ሃክስሊ በ1869 ሽኮኮን ለብቻው አንድ ክፍል ያደረገው ምስክሮቹ ገና ስላልተስማሙ ነው ለማለት ይቻላል።

ሌሎቹን ምስክሮች በአንድነት ላቅርብ። አይጥ ሦስት ሳምንት ያህል ብቻ አርግዛ ዓይናቸው ያልተገለጠ፥ ጠጕር የሌላቸው ብዙ ልጆች ትወልዳለች። ሽኮኮ ግን ሰውነቷ እንዲያ ትንሽ ሆኖ ሰባት ወር ያህል፥ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ታረግዛለች፤ የምትወልዳቸውም ጥቂት ናቸው፤ ሲወለዱ ጠጕር የለበሱ፥ ዓይናቸው የተገለጠ፥ ወዲያው መሮጥ የሚችሉ ናቸው። ዝሆን 22 ወር ያህል እንደምታረግዝ የታወቀ ነው። የወንዱ ሽኮኮ ቈለጥ ወደ ውጭ አይወርድም፤ በሆዱ ውስጥ በኵላሊት አጠገብ ይቀራል፤ የወንዱ ዝሆንም እንዲሁ ነው። ዝሆን ጡቷ በፊት እግሮቿ መካከል ነው፤ ሽኮኮም ከሌሎች ጡቶቿ በቀር በደረቷ በኩል ጡት አላት።

እነዚህን የመሳሰሉ ማስረጃዎች ተሰብስበው በ1945 አሜሪካዊው ሲምፕሰን ሽኮኮን፥ ዝሆንንና በባሕር ሣር የሚግጠውን ዱጎንግ በአንድ ወገን አገባቸው። ዱጎንግ በቀይ ባሕር የሚገኝ አጥቢ ነው። ከዚያም በ1990ዎቹ ዓመታት በዘር ውስጥ ያለው ጽሑፍ፥ ዲ.ኤን.ኤ. የተባለው፥ ሲነበብ ይኸው ዝምድና ጸና፤ አዋልዲጌሳም ተጨምሮበት በ1998 ለመላው ወገን ከአፍሪካ ስም የወጣ ስም ተሰጠው። አውራሪስ ግን ከዚህ ወገን ወጥቶ ከፈረስና ከአህያ ጋር ተቈጠረ። ኩቪዬ ሽኮኮን ከአይጥ ማውጣቱ ትክክል፥ ለአውራሪስ ማቅረቡ ግን ስሕተት ነበር ማለት ነው።

የሬሳ ሣጥን ያህል ጸጥ ያለው የምድር መዝገብም መስክሯል። ከጎንደር በስተ ምዕራብ በጭልጋ ዕድሜያቸው 27 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሆኑ የእንስሳት ቅሪቶች ተገኝተው በ2003 ለዓለም ተገልጸዋል። ከእነዚህ መካከል የጥንት ዝሆኖችና የጥንት ሽኮኮዎች አጥንት በአንድ ምድር ተገኝቷል። ብሩስ ከቍስቋም በስተጀርባ ሽኮኮን ሲመለከት፥ የዘመዶቹ አጽም ከዚያ ብዙ በማይርቅ ስፍራ ተቀብሮ ነበር።

፭. ይህ ዕውቀት ምን ይጠቅማል?

ጓደኞቼ ይህን ጽሑፍ ስጀምር፥ «ሽኮኮ የዝሆን ዘመድ ቢሆን ባይሆን ለአገር ምን ይረባል?» ብለው ጠይቀውኛል። መልሴን በአንድ ልጅ ጕንጭ ላይ አይቼዋለሁ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት አብሮኝ የተማረ፥ ከጋሞ ደጋ የመጣ ልጅ በጕንጩ ላይ ሰፊ ጠባሳ ነበረው። ከምን እንደ መጣ ስንጠይቀው፥ ከሁለት ዓመት በላይ የቈየ ቍስል እንደ ነበረ ከመናገር በቀር ሌላ አያውቅም ነበር። ብዙዎቻችን አይጥ ነክሶት ይሆናል እያልን እንቀልድ ነበር። ዛሬ ስለዚያ ቀልድ አፍራለሁ።

በአንዳንድ የአገራችን ክፍል ቍንጭር የሚባለው የቆዳ በሽታ በደጋው አገር የሚተላለፈው በአሸዋ ዝንብ ነው። በ1973 አሽፎርድና ጓደኞቹ ባወጡት ጥናት፥ በወሎ በኩታበር፥ በጋሞ ደጋ በኦቾሎና በሌላም ስፍራ መርምረው፥ የበሽታው ሕዋስ በሽኮኮ ሰውነት እንደሚኖር አስረዱ። ዝንቧ በዓለት መካከል ሽኮኮን ነክሳ በአጠገቡ ያለውን ሰው ስትነክስ በሽታውን ታስተላልፋለች። ስለዚህ ቤቱን በሽኮኮ ገደል አጠገብ የሠራ ሰው ልጆቹ ለዚህ ቍስል የተጋለጡ ናቸው።

እንግዲህ ሽኮኮን ከአይጥ የሚቈጥር ሰው የአይጥ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ጐተራውን ይፈትሻል፥ ወጥመድ ያጠምዳል። ሽኮኮ ግን በጐተራ የሚኖር አይደለም፤ ዓለቱን አይለቅም። እንደ አይጥም በየወሩ የሚዋለድ ስላልሆነ፥ በችኰላ ያጠፉት እንደ ሆነ ቶሎ አይተካም፤ እርሱን የሚበሉ ንስርና ነብርም ይጐዳሉ። የመኖሪያ ስፍራን ለመምረጥም ሆነ በሽታን ለመከላከል፥ የእንስሳውን አኗኗርና አወላለድ ማወቅ ይቀድማል። ስም መስጠት የመጻሕፍት ቤት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

መደምደሚያ

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ወደ ሬኮ ተመልሼ ያገኘሁትን ሁሉ ለአያቴ ነገርኋቸው። እግሩን፥ ጥርሱን፥ የእርግዝናውን ወራት አንድ በአንድ ቈጠርሁላቸው፤ በመጨረሻም፥ «ዘመዱ ዝሆን ነው» አልኋቸው። አያቴም ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ፥ «ታዲያ ዝሆኑ ያውቀዋል?» አሉኝ። ቤተ ሰቡ ሁሉ ሳቀ። ቀጥለው ግን፥ «ዘር እንዲህ ነው የሚቈጠረው፤ እናቱን ጠይቀሃልና አሁን አምንሃለሁ» አሉ።

ከዚህ ታሪክ የምረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፥ ፓላስም፥ ብሩስም፥ ኩቪዬም የተሳሳቱት ባለማየት ሳይሆን አንዱን ምልክት ብቻ በማየት ነው፤ እውነቱ የተገኘው የሰውነት አሠራር፥ የፅንስ አስተዳደግና አወላለድ በአንድነት በተጠየቁ ጊዜ ነው። ሁለተኛ፥ እኛ ተማሪዎች በመጽሐፍ ያየነውን የሩቅ አገር እንስሳ ስም ስናጠና፥ የታላላቅ ሊቃውንትን ሐሳብ የፈተነው እንስሳ በገደላችን ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነው። ስለዚህ የዚህ መጽሔት አንባብያን ሁሉ ወደየአገራቸው በሚመለሱበት ጊዜ ሽማግሌዎች እንስሳትን እንዴት እንደሚለዩና ምን ብለው እንደሚጠሩ እየጠየቁ እንዲጽፉ፥ እንስሳውንም ራሱን ቀርበው እንዲመረምሩ በትሕትና አሳስባለሁ።